ፉርትቬንግለር ከአዲሱ ሙዚቃ ጋር

ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት የቆመው በ1906 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙኒክ ውስጥ ነው። ዕድሜው ሃያ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ጀማሪ ቀለል ያለ፣ ቢሳሳትም ብዙ የማያጋልጠው ሥራ ይመርጣል። እሱ ግን የካይም ኦርኬስትራን ይዞ የአንቶን ብሩክነርን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መራ፤ ደራሲው ሳይጨርሰው የሞተውን፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ሥራ። በዚያው ምሽት ራሱ የጻፈውን አንድ ዝግ ያለ ድርሰትም አሰማ። ወጣቱ ራሱን የሚቆጥረው በመጀመሪያ እንደ ሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ልቡም ያለው በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ ከቤትሆቨን፣ ከዋግነር፣ ከብራምስና ከብሩክነር ዘንድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አልወጣም።

አባቱ አዶልፍ ፉርትቬንግለር በጥንታዊት ግሪክ ጥናት ስሙ የገነነ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ነበር፤ በኦሊምፒያና በኤጊና ደሴት ቁፋሮ ሠርቷል። እናቱ ሠዓሊ ነበረች። ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥተው ቤት ውስጥ በግል መምህራን አስተማሩት። አባትየው የተሰበረ ሐውልት ቁራጭ አይቶ ሙሉው አካል ምን ይመስል እንደነበር የሚገምት ሰው ነበር። ልጁ በሙዚቃ ውስጥ ከክፍልፋዩ በፊት ሙሉውን የመፈለግ ጠባዩን ያገኘው ከዚያ ቤት ይመስለኛል።

አባት በ1907 ሲሞት እንጀራ ፍለጋ ግድ ሆነ። የሙዚቃ ድርሰት እንጀራ አይሆንም፤ ኦርኬስትራ መምራት ግን ይሆናል። በስትራስቡርግ በሃንስ ፊትዝነር ሥር ሠራ፤ በ1911 የሉቤክን ኦርኬስትራ ተረከበ፤ በ1915 ወደ ማንሃይም ኦፔራ ተሻገረ። በሉቤክ ሳለ አንድ መጽሐፍ እጁ ገባ፤ የቪየናው የሙዚቃ ሊቅ ሃይንሪኽ ሼንከር ስለ ቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በ1912 ያሳተመው ጥናት። ሼንከር የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የታላቅ ሥራ ላይኛው ገጽ ቢበዛም ቢወሳሰብም ከሥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዘረጋ አንድ ረጅም መስመር አለ። ያንን መስመር የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ሥራውን ሰማ ይባላል፤ የሌለው ግን ድምፆችን ብቻ ሰማ። ኋላም ሁለቱ ተዋወቁ፤ ፉርትቬንግለር ኖታ ይዞ ከሼንከር ጋር ሲመክር ዓመታት አሳለፈ።

በጥር 1922 የዘመኑ ስመ ጥር መሪ አርቱር ኒኪሽ ሞተ። ኒኪሽ ሁለት ኦርኬስትራዎችን፣ የበርሊን ፊልሃርሞኒክንና የላይፕሲግ ጌቫንድሃውስን፣ ጎን ለጎን ይመራ ነበር። የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ፉርትቬንግለር ሁለቱንም ወረሰ።

አመራሩ ለዓይን ግራ የሚያጋባ ነበር። ሌላው መሪ ዘንጉን ቁርጥ አድርጎ ሲያወርድ የእሱ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፤ ተጫዋቹ መቼ እንደሚገባ ከዘንጉ ሳይሆን ከጎረቤቱ ትንፋሽ መረዳት ነበረበት። ድምፁ የሚነሣው ከባሶቹና ከቼሎዎቹ ነው፤ ቫዮሊኖቹ በዚያ ላይ ይመጣሉ። ፍጥነቱም አንድ ላይ አይረጋም። ውጥረት ሲጨምር ይፋጠናል፣ መፍትሔው ሲቃረብ ይሰፋል፤ ኖታው ላይ የተጻፈ ነገር ስላለ ሳይሆን የሥራው አካሄድ ይህን ይጠይቃል ብሎ ስላመነ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ዘፈቀደ ብለውታል። ሌላኛው የዘመኑ ኃያል መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ የተጻፈውን እንደተጻፈ በሚል መርሕ የሚሄድ ስለነበር ክርክሩ ለዓመታት የሁለቱን ስም ይዞ ቀጠለ።

ይህ አመራር በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው። ሙዚቃ መነሻ ድምፅ አለው፤ ከዚያ ይወጣል፣ ይርቃል፣ ይጨነቃል፣ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። በትዝታ ቅኝት የሚዘፍን ሰው ዜማውን የቱንም ያህል ቢያርቀው አድማጩ ማረፊያውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሲደርስም አብሮ ይተነፍሳል። ለፉርትቬንግለር የጀርመን ሲምፎኒም እንዲሁ ነበር። ውጥረትና ዕረፍት የጆሮ ልማድ ሳይሆኑ የተፈጥሮ ሕግ፣ እንደ ትንፋሽ ያሉ ናቸው ብሎ ያምን ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ግን በ1920ዎቹ በርሊን ላይ ተቀመጠ፤ ከተማይቱም የአዲሱ ሙዚቃ ዋና መዲና ነበረች። ኦቶ ክሌምፐረር በክሮል ኦፔራ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ ያሰማል። አርኖልድ ሾንበርግ በፕሩሺያ የጥበባት አካዳሚ የድርሰት ክፍል ያስተምራል። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆኖ ይህን ሁሉ አለመስማት አይቻልም፤ ፉርትቬንግለርም አልሞከረውም። ስትራቪንስኪንም ፕሮኮፊየቭንም በፕሮግራሙ አስገብቷል። በ1927 ፍራንክፈርት ላይ የባርቶክ የመጀመሪያው የፒያኖ ኮንቼርቶ ለዓለም ሲቀርብ ፒያኖ የተቀመጠው ራሱ ባርቶክ ነበር፤ ኦርኬስትራውን የመራው ፉርትቬንግለር። ለአዲሱ ሥራ በር ከፍቶ ነበር ማለት ነው። ፈተናው የመጣው ግን ከቤቱ፣ ከጀርመንኛው የሙዚቃ ቅርስ ወራሽ ነኝ ከሚለው ሰው ነበር።

ሾንበርግ በመስከረም 1928 ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፉትን ቫሪዬሽኖቹን፣ ቁጥር 31ን፣ ፈጸመ። በዐሥራ ሁለት ድምፅ ስልት ለሙሉ ኦርኬስትራ የጻፈው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ስልቱ ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች በአንድ በተወሰነ ተርታ ያሰልፋል፤ ከመካከላቸው ንጉሥ የሚሆን፣ ሌሎቹ የሚመለሱበት ድምፅ የለም። ቅርጹ ግን አሮጌ ነው፤ መግቢያ፣ ቼሎዎች የሚጀምሩት ዋና ዜማ፣ ዘጠኝ ቫሪዬሽንና መዝጊያ። መግቢያው ላይ ትሮምቦኑ በጀርመን የኖታ ፊደላት የባኽን ስም ይጠራል። ሾንበርግ ራሱን የባኽና የብራምስ ልጅ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ፉርትቬንግለርም ራሱን እንዲሁ። አንድ ውርስ፣ ሁለት ወራሽ።

ዲሴምበር 2 ቀን 1928 ሥራው በፉርትቬንግለር መሪነት በበርሊን ፊልሃርሞኒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። አዳራሹ በበርንቡርገር ጎዳና የነበረው፣ ቀድሞ በባለ ጎማ ጫማ መንሸራተቻ የነበረው አሮጌ ፊልሃርሞኒ ነው። ልምምዱ ለእንዲህ ያለ ኖታ እጅግ ጥቂት ነበር። ደራሲው ራሱ በቦታው አልነበረም። ሙዚቃው ሲያልቅ፣ እንዲያውም ከማለቁ በፊት፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲህ ጭብጨባ፣ ወዲያ ፉጨትና ጩኸት። የሞቀ ውዝግብ በበርሊን ብርቅ አልነበረም፤ ይህኛው ግን ከብርቱዎቹ አንዱ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? አድማጩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ለእኔ ጉዳዩ ያለው ኖታው ላይ ነው። ሾንበርግ ኖታው ላይ ዋናውን ድምፅና ተከታዩን ድምፅ በምልክት ለይቶ ያስቀምጣል፤ በየትኛው ቅጽበት ማን ጎልቶ መውጣት እንዳለበት ደራሲው ራሱ ወስኗል። የፉርትቬንግለር ጥበብ ግን ያንን ራሱ ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ረጅሙን መስመር ከሥር አድምጦ ድምፆቹን በዚያ ዙሪያ ማሰባሰብ። መድረሻውን ካላወቀ ፍጥነቱን የሚያሰፋበትም የሚያጠብበትም ቦታ የለውም። እንደዚህ ያለ መሪ ይህን ሥራ በጥቂት ልምምድ ሲመራ የሚያደርገው ድምፆቹን በሥርዓት ማሳለፍ ብቻ ነው። ሥራው ምን ያህል ሊታደግ እንደሚችል ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ታየ፤ በ1931 የፍራንክፈርት ራዲዮ ቫሪዬሽኖቹን በሃንስ ሮስባውድ መሪነት ሲያስተላልፍ ሾንበርግ ራሱ በማይክሮፎን ፊት ቆሞ አድማጩን በምሳሌ እያስደገፈ አስረዳ። ፉርትቬንግለር ለሾንበርግ መድረኩን ሰጥቶታል፤ ጆሮውን ግን አልሰጠውም።

ጆሮውን የሰጠው ለሌላ ሰው ነው። ፓውል ሂንደሚት በ1895 ሃናው ውስጥ የተወለደ፣ ቫዮላ ተጫዋች፣ እጁ የማያርፍ ደራሲ ነበር። በወጣትነቱ ማስደንገጥ ይወድ ነበር፤ በ1922 የቀረበው የቻምበር ሙዚቃ ቁጥር 1 የሚያበቃው በሳይረን ጩኸት ነው። በ1929 የቀረበው የቀኑ ዜና የሚባል ቀልደኛ ኦፔራው ደግሞ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ የምትታጠብ ሴት ስትዘፍን ያሳያል፤ ናዚዎች ይህችን ትዕይንት ቂም አድርገው ያዟት። ነገር ግን ሂንደሚት ዕድሜው ሲጨምር እየረጋ፣ ወደ አሮጌው የጀርመን ዜማና ወደ ባኽ እየቀረበ መጣ። ድምፆቹ ቢጋጩም ማረፊያ አላቸው። በሚያዝያ 1932 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ፉርትቬንግለር ያሰማው አዲስ ሥራ የሂንደሚት ፊልሃርሞኒክ ኮንቼርቶ ነበር።

ከዚያ 1933 መጣ። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አይሁድ ሙዚቀኞች ከመድረክ ይባረሩ ጀመር። በሚያዝያ ፉርትቬንግለር ለፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ለዮዜፍ ጎብልስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ እኔ የማውቀው ልዩነት በጥሩና በመጥፎ ጥበብ መካከል ያለውን ነው፤ ብሩኖ ቫልተርንና ክሌምፐረርን የመሰሉ መሪዎች ጀርመን ውስጥ መሰማት አለባቸው የሚል ነበር መንፈሱ። አይሁዳዊው ሾንበርግ በግንቦት ከበርሊን ወጣ፤ አልተመለሰም። ፉርትቬንግለር ግን ቀረ፤ ከቀረም በኋላ ማዕረግ ተጨመረለት። የፕሩሺያ ምክር ቤት አማካሪ፣ የመንግሥት ኦፔራ ዳይሬክተር፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሪካርድ ሽትራውስ በሚመራው የራይኽ የሙዚቃ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያው ጊዜ ሂንደሚት አንድ ኦፔራ ይጽፍ ነበር፤ ግጥሙንም ራሱ። ርዕሱ ሠዓሊው ማቲስ ነው። ባለታሪኩ ዛሬ ኮልማር ከተማ የሚገኘውን የኢዘንሃይም መንበር ሥዕል የሣለው ማቲያስ ግሩኔቫልድ ነው። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ሲያምፁ ማቲስ ብሩሹን ጥሎ ከእነሱ ጋር ይቆማል፤ ኋላ የጦርነቱን ጭካኔ አይቶ ወደ ሥዕሉ ይመለሳል። በኦፔራው ውስጥ በማይንትስ መጻሕፍት የሚቃጠሉበት ትዕይንት አለ፤ በርሊን ላይ ተማሪዎች መጻሕፍት በአደባባይ ያቃጠሉት በግንቦት 1933 ነው። አንድ የጥበብ ሰው አገሩ ሲናወጥ ከጥበቡ ይወጣ ወይስ ይቅር የሚለው የኦፔራው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ በመሪው በራሱ ላይ ወደቀ።

ኦፔራው ሳያልቅ ሂንደሚት ከውስጡ ሦስት ክፍል ያለው ሲምፎኒ አወጣ፤ የመላእክት ኮንሰርት፣ ቀብሩና የቅዱስ እንጦንስ ፈተና። ሦስቱም የግሩኔቫልድ ሥዕሎች ናቸው። ማርች 12 ቀን 1934 ፉርትቬንግለር በበርሊን ፊልሃርሞኒክ አሰማው። መሪው ለምን እንደወደደው ለመረዳት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መስማት ይበቃል። ጸጥ ባለ የሶል አኮርድ ይከፈታል፤ ከዚያ ትሮምቦኖች ስለ ሦስት መላእክት የሚናገር አሮጌ የሕዝብ ዜማ ያነሣሉ። መነሻ አለ፣ መንገድ አለ። በሦስተኛው ክፍል ቅዱሱን አጋንንት ሲያዋክቡት ድምፁ ይታወካል፣ ማረፊያ ያጣል፤ መጨረሻ ላይ ግን ናሶቹ ሃሌሉያ ሲሉ ያ ሁሉ ጭንቀት ይፈታል። ስልቱ አዲስ ነው፤ ጉዞው የብሩክነር ነው። ታዳሚው ሞቅ አድርጎ ተቀበለው። ሂንደሚት በዚያው ዓመት ሥራውን ይህንኑ ኦርኬስትራ ራሱ እየመራ በሸክላ አስቀረጸው።

ቀጣዩ የኦፔራው ተራ ነበር፤ ፉርትቬንግለር በመንግሥት ኦፔራ ሊያሳየው አሰበ። ኦፔራ ቤቱን የሚቆጣጠረው የናዚ ባለሥልጣን ሄርማን ጎሪንግ ግን ሂትለር ሳይፈቅድ አይሆንም አለ። የሂንደሚት ሚስት አባቷ አይሁዳዊ ነበር፤ እሱ ራሱም ከአይሁድ ሙዚቀኞች ጋር መጫወቱን አላቆመም። ያቺ የገንዳዋ ሴትም አልተረሳችም። በፓርቲው ጋዜጦች ዘመቻው ተጀመረ።

ኖቬምበር 25 ቀን 1934፣ እሑድ ጠዋት፣ ዶይቸ አልገማይነ ጋዜጣ የሂንደሚት ጉዳይ የሚል ጽሑፍ ይዞ ወጣ፤ ፊርማው የፉርትቬንግለር ነው። በዚያው ጠዋት መሪው በፊልሃርሞኒው ለሕዝብ ክፍት በሆነው ልምምድ ላይ ብቅ ሲል ታዳሚው በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው። ማታ የዋግነርን ኦፔራ ትሪስታንን ለመምራት ኦፔራ ቤቱ ሲገባ ጭብጨባው ተደገመ፤ ጎሪንግ ከሰገነቱ ሆኖ ያይ ነበር። በዚያች አገር በዚያ ዓመት ለአንድ ጽሑፍ እንዲህ ማጨብጨብ ሌላ ትርጉም እንዳለው ጎሪንግ አላጣውም፤ ጉዳዩን ወዲያው ለሂትለር አደረሰ።

ጽሑፉ ደፋር ነው። ያን ጊዜ እንዲያ ብሎ በጋዜጣ ፊርማውን ያኖረ ሰው ጥቂት ነበር፤ ይህን መቀነስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አከራካሪው ሙግቱ ነው። ፉርትቬንግለር የሂንደሚትን የወጣትነት ሥራዎች ያለፈ ስሕተት አድርጎ አለፋቸው። ቀጥሎም ሰውየው በደሙም በጠባዩም ፍጹም ጀርመናዊ መሆኑን፣ የማቲስ ሲምፎኒም ጥልቅ ጀርመናዊነትን እንደሚያሳይ ገለጸ። እውነተኛ ደራሲ በጠፋበት ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው መጣል እንደማይገባም ተናገረ። ይህ የሮማንቲክ ሰው ሙግት ነው፤ ታላቅ ሙዚቃ ከአንድ ሕዝብ ነፍስ እንደ ዛፍ ይበቅላል የሚለው አሮጌ እምነት። ችግሩ ናዚዎችም ያንኑ ቋንቋ መያዛቸው ነው። ሂንደሚትን ለማዳን በጀርመናዊነቱ መሟገት፣ በጀርመናዊነቱ መሟገት የማይፈቀድለትን ሾንበርግን ከደጅ መተው ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከጥሩና ከመጥፎ ጥበብ በቀር ልዩነት አላውቅም ካለው ሰው ይህ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ዲሴምበር 4 ቀን ፉርትቬንግለር ከሥልጣኑ ሁሉ ወረደ፤ ከፊልሃርሞኒኩ፣ ከኦፔራው፣ ከምክር ቤቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎብልስ በስፖርት ቤተ መንግሥት አዳራሽ ባደረገው ንግግር ስም ሳይጠራ ሂንደሚትን ቅኝት የሌለው ጩኸት አምራች ብሎ አዋረደ። ስድቡ ሥራውን ለሚያውቅ ያስቃል፤ በሶል አኮርድ ስለሚከፈት ሲምፎኒ ነው የሚያወራው።

ከዚያ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። በየካቲት 1935 ፉርትቬንግለር ከጎብልስ ጋር ተገናኘ፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እንደ ሙዚቀኛ ነው፣ በመንግሥት የጥበብ ፖሊሲ ጣልቃ የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም የሚል መግለጫ ወጣ። በሚያዝያ ወደ ፊልሃርሞኒኩ መድረክ ተመለሰ። ሂንደሚት በቱርክ የሙዚቃ ትምህርት ማደራጀት ጀመረ፤ በ1936 ሥራዎቹ ጀርመን ውስጥ ተከለከሉ፤ ማቲስ ኦፔራው በ1938 ዙሪክ ላይ ተመረቀ፤ ደራሲው በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ገባ፣ በ1940 አሜሪካ። ፉርትቬንግለር ቀረ። የሚወደው ሙዚቃ ከጀርመን ምድር ውጭ ሥር የለውም ብሎ ያምን ነበርና። በርካታ አይሁድ ሙዚቀኞችን ረድቷል፤ በሚያዝያ 1942 በሂትለር ልደት ዋዜማ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ የመራውም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የበርንቡርገር ጎዳናው አዳራሽ በጥር 1944 በቦምብ ወደመ፤ እሱ ደግሞ በ1945 መጀመሪያ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ።

በዲሴምበር 1946 በርሊን ላይ በናዚ ማጥሪያ ችሎት ቀረበ፤ ነጻ ተባለ፤ በግንቦት 1947 ቲታኒያ ፓላስት በተባለ ሲኒማ ቤት ቤትሆቨንን ይዞ ተመለሰ። በዚያው መስከረም የሂንደሚትን ሲምፎናዊ ሜታሞርፎሲስ፣ ደራሲው አሜሪካ ሆኖ የጻፈውን፣ ለበርሊን ሰዎች አሰማ። ከተማው ፍርስራሽ ነበር።

በ1948 ሁለት ነገር ተከሰተ። አንደኛው በጦርነቱ ማብቂያ የጻፈው ሁለተኛው ሲምፎኒው ተመረቀ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ፣ ብሩክነር ሳይሞት የቀረ የሚያስመስል ሥራ። ሁለተኛው ስለ ሙዚቃ ያደረጋቸው ውይይቶች በመጽሐፍ መውጣታቸው ነው። በመጨረሻው ውይይት ለሾንበርግ ከሃያ ዓመት በኋላ መለሰለት ማለት ይቻላል። ቅኝት የሌለውን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ጥቅጥቅ ባለ ደን እንደሚሄድ መንገደኛ ነው ይላል በሐሳቡ፤ በየእርምጃው ብርቅ አበባ ያያል፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። አላናናቀውም፤ አበባው መኖሩን አምኗል። የዚያ ዘመን ወጣት ደራሲዎች ግን በየበጋው ለአዲስ ሙዚቃ ትምህርት ዳርምሽታት ከተማ ተሰብስበው ደኑ ውስጥ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ሳይሰሙት አለፉ።

ከእነሱ ይልቅ የሚያዳምጡትን መረጠ። የቮልፍጋንግ ፎርትነርን የቫዮሊን ኮንቼርቶ መራ። በግንቦት 1950 ለንደን ላይ የሪካርድ ሽትራውስን አራቱን የመጨረሻ ዘፈኖች ከዘፋኟ ኪርስተን ፍላግስታድ ጋር ለዓለም አስተዋወቀ፤ ደራሲው ከሞተ ዓመት አልሞላውም። በነሐሴ 1953 ሳልዝቡርግ ላይ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የሂንደሚትን የዓለም ስምምነት ሲምፎኒ አቀረበ፤ ይህም ስለ ኮከብ ተመራማሪው ኬፕለር ከተጻፈ ኦፔራ የወጣ፣ ፕላኔቶች ሁሉ አንድ ማረፊያ ድምፅ አላቸው የሚል ሥራ ነው። በዚያው በጋ በባይሮይት የቤትሆቨንን ዘጠነኛ የመራው ደግሞ ሂንደሚት ነበር። ፉርትቬንግለር በኖቬምበር 30 ቀን 1954 በባደን ባደን አቅራቢያ ሞተ፤ በሃይደልበርግ ተቀበረ።

በእኔ ፍርድ ለአዲሱ ሙዚቃ ጠላት አልነበረም፤ ወዳጅነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የ1928ቱ የሾንበርግ ምሽትም የ1934ቱ የማቲስ ምሽትም በድምፅ አልተቀረጹም። የ1947ቱ ሜታሞርፎሲስና የ1953ቱ የዓለም ስምምነት ግን ተቀርጸው ይገኛሉ፤ አንባቢ ሆይ፣ ከሁለተኛው ጀምር።